ዓይን የሰማውን ማን ይመስክር?

ከማንበባችሁ በፊት አንዲት ነገር ሞክሩ። አንድ ጓደኛችሁ ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ይበልና «ባ» ይበል። ከንፈሩን ተመልከቱት፤ ሁለቱ ከንፈሮች ገጥመው ነው የሚከፈቱት። ቀጥሎ «ጋ» ይበል። አሁን ከንፈሩ አይገጥምም፤ ሥራው ሁሉ ከወደ ኋላ፣ ከምላስ ሥርና ከላንቃ ዘንድ ነው። እንግዲህ «ጋ» የሚለውን ፊት በፊልም ቀድታችሁ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ በምትኩ የ«ባ»ን ድምፅ ብትለጥፉበት የሚያየው ሰው ምን ይሰማል? «ጆሮው ደኅና ከሆነማ ባ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። በድምፁም ውስጥ የሌለ፣ በከንፈሩም ላይ የሌለ ሦስተኛ ፊደል! ዓይኑን ሲጨፍን «ባ» ይመለሳል፤ ሲገልጥ እንደገና «ዳ» ይሆናል። ተንኰሉ አስቀድሞ የተነገረው ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ አያመልጥም።

ይህን ለዓለም ያሳወቁት በእንግሊዝ አገር በሰሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ ናቸው። ዘመኑ 1976 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎቹ የተነሡት የሕፃናትን የንግግር አቀባበል ለማጥናት ነበር፤ ፊቱና ድምፁ ያልተጣጣመውን ቴፕ ሲመለከቱ ግን ያልጠበቁት ፊደል ጆሯቸው ውስጥ ገባ። በጽሑፋቸው እንደ ገለጡት የ«ጋ» ፊትና የ«ባ» ድምፅ ከቀረበላቸው አዋቂዎች ከ100 98ቱ በከንፈሩ ተስበው ነበር።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ሰውየው «ዳ ሰማሁ» ቢል ቃሉን እንቀበለው? ወይስ «አልሰማህም፤ ከንፈሩን አይተህ ገመትህ እንጂ» እንበለው? እሱ ራሱ ሊለየው አይችልም። ከራስ ቅል በታች የተደረገውን ያየ ምስክር ያስፈልጋል። ያ ምስክር የአንጎል ምስል ነው። ይህች ጽሑፍ የምትተርከው ምስክሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ምን ብሎ እንደ መሰከረ፣ በኋላም በመስቀለኛ ጥያቄ እንዴት እንደ ተፈተነ ነው።

፩. አምስቱ በሮች

አሪስቶትል የስሜት ሕዋሳትን አምስት ብሎ ቆጠረ። ወዲያው ግን አንድ ችግር ታየው። ነጭን የሚያይ ዓይን ነው፤ ጣፋጭን የሚቀምስ ምላስ ነው። ታዲያ ነጭና ጣፋጭ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቀው ማነው? ዓይን ጣፋጭን አያውቅም፤ ምላስም ነጭን አያውቅም። ስለዚህ ሁሉን አገናኝቶ የሚዳኝ አንድ የጋራ ስሜት ሊኖር ይገባል አለ። በ11ኛው መቶ ዓመት ኢብን ሲና ይህንኑ የጋራ ስሜት ወስዶ ከአንጎል የፊተኛው ክፍተት አስቀመጠው።

አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሲመጣ ነገሩ ወደ መለያየት አዘነበለ። በርሊን ያስተምር የነበረው ዮሐንስ ሙለር እያንዳንዱ የስሜት ነርቭ የራሱን ቋንቋ ብቻ ይናገራል ብሎ አስተማረ። ዓይንን በጣት ብትጫኑት የምታዩት ብርሃን ነው፤ ጣት ብርሃን ስላለው ግን አይደለም፤ የዓይን ነርቭ ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ ነው። ቀጥሎም በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ፌሪየርና ጀርመናዊው ሄርማን ሙንክ እንስሳትን እየመረመሩ አንጎልን እንደ ርስት መሬት አካለሉት፦ ከኋላ ያለው የዓይን፣ ከጎን ያለው የጆሮ። ወሰኑ ብዙ አከራከረ፤ ርስቱ ግን ጸና። ከዚያ ወዲህ የትምህርት መጻሕፍት ካርታ ይኸው ሆነ።

የየዕለት ቋንቋችን ግን በዚህ ካርታ ተገዝቶ አያውቅም። እናቶቻችን ወጡን «እስቲ ቀምሼ ልየው» ይላሉ፤ በምላስ ሊያዩ ነው። ብርዱም ሕመሙም «ተሰማኝ» ነው የሚባለው፤ በጆሮ ሳይሆን በቆዳና በአጥንት። ቋንቋ የሳይንስ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም አምስቱን በሮች ለያይቶ መዝጋት ለሰው እንደማይቀናው ያሳያል።

፪. ደም የተናገረው

ሕያው አንጎልን ሲሠራ ማየት እንዴት ይቻላል? የመጀመሪያው መንገድ የተገኘው በአደጋ ነው። በጣሊያን በቶሪኖ ከተማ የፊዚዮሎጂ ሊቅ የነበረው አንጄሎ ሞሶ፣ የራስ ቅሉ በአደጋ የተበሳ አንድ ገበሬ አገኘ። በቀዳዳው ላይ የአንጎሉ የደም ትርታ ከላይ ይታይ ነበር። ሞሶ ትርታውን በመሣሪያ እያስጻፈ ሳለ የእኩለ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። የሰውየው አንጎል ትርታ ከፍ አለ፤ የክንዱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ደወሉ ጸሎት አስታውሶት ነበር። እነሆ አንድ ድምፅ አንጎል ውስጥ ያደረገው ለውጥ በወረቀት ላይ ተጻፈ!

ሞሶ በዚህ አልተወሰነም። በ1880ዎቹ ሰው የሚተኛበት ትልቅ ሚዛን ሠራ። ሰውየው ተኝቶ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ አእምሮው ሥራ ሲይዝ ደም ወደ ራሱ ስለሚሄድ ሚዛኑ ወደ ራስጌ ያጋድላል የሚል ነበር አሳቡ። በ1890 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ቻርልስ ሮይና ቻርልስ ሸሪንግተን አሳቡን አጠበቡት፦ አንጎል ሥራ ለያዘው ክፍሉ ለብቻው ተጨማሪ ደም መላክ ይችላል አሉ። ዛሬ በየሆስፒታሉና በየላቦራቶሪው የሚታየው ባለቀለም የአንጎል ሥራ ምስል መሠረቱ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የቦስተኑ መርከበኛ ነው። ራስ ምታቱና የዓይኑ መድከም ቢያስጨንቀው ወደ ታዋቂው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ወደ ሃርቪ ኩሺንግ ይመጣል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ከአንጎሉ የዓይን ርስት ላይ፣ የደም ሥሮቹ ያለ ሥርዓት ተጠላልፈው ነበር። በዚህ የተነሣ ደሙ ሲሮጥ የሚያሰማውን ሹሹታ ሰውየውም ይሰማዋል፤ ሐኪሙም በማዳመጫ ይሰማዋል። ጆን ፉልተን በ1928 እንደ ጻፈው፣ ሰውየው ጋዜጣ ማንበብ ሲጀምር ሹሹታው ይጨምራል፤ ማንበቡን ሲተው ቀስ እያለ ይቀንሳል። ሽታ ሲያሸት ወይም የሩቅ ድምፅ ለመስማት ሲጥር ግን አይጨምርም። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉ፦ ሐኪሙ የሌላውን ሰው ማየት በጆሮው አዳመጠ! ከማሽን ሁሉ በፊት አንድ የአንጎል ክፍል ለአንድ ሥራ ብቻ ደም ሲጠራ ተሰማ። ይህም የርስቱን ካርታ የሚያጸና ምስክር ነበር፤ ዓይን ሲሠራ የጆሮ፣ ጆሮ ሲሠራ የዓይን ርስት አይነቃነቅም የሚያሰኝ።

፫. ካርታው ሲናጋ

ካርታውን ያናጉት የጩኸት ዘመን ሰዎች ናቸው። በ1954 ሰምቢና ፖላክ የተባሉ አሜሪካውያን ቃላትን በጩኸት መካከል ለሰዎች አሰሙ። ጩኸቱ ሲበረታ የተናጋሪውን ፊት የሚያይ ሰው ከማያየው እጅግ የተሻለ ሰማ፤ ጩኸቱ በባሰ ቁጥር የዓይን እርዳታ እየጎላ ሄደ። ዓይን ለጆሮ ደራሽ ሆነ ማለት ነው። ማክገርክ ሲመጣ ደግሞ ዓይን ደራሽ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ ጆሮን የሚያሳስት ጎረቤትም ሊሆን ይችላል።

በ1983 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አሌክስ ሜሬዲትና ባሪ ስታይን፣ የድመትን መካከለኛ አንጎል መረመሩ። እዚያ ያለች ትንሽ ጉብታ ዓይንንና ራስን ወደ ነገሩ የምታዞር ናት። በጉብታዋ ውስጥ ለብርሃንም ለድምፅም የሚመልሱ የነርቭ ሕዋሳት አገኙ። አንዳንዱ ሕዋስ ለብርሃን ብቻ ትንሽ ይተኩሳል፤ ለድምፅ ብቻም ትንሽ ይተኩሳል፤ ሁለቱ ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ግን ተኩሱ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። በእኛ ሒሳብ አንድና አንድ ሁለት ነው፤ በዚያች ሕዋስ ሒሳብ አንድና አንድ አምስት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተራራቀ ቦታ ቢመጡ ደግሞ ሕዋሷ ዝም እስከ ማለት ትደርሳለች።

ይህች ሒሳብ በኋላ የምስል ተመራማሪዎችን ሁሉ መለኪያ ሆነች። እንዴት እንደ ረዳቻቸውና እንዴት እንዳሳሳተቻቸው ወደ ታች እንመጣበታለን።

፬. ማሽኑ ሲመሰክር

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ ፔት የተባለው ማሽን ተሠራ። ፈጥኖ የሚከስም ጨረር ያለው ውሃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ጨረሩ በሁለት ደቂቃ ግድም በግማሽ ይቀንሳል፤ ማሽኑም ደሙ የበዛበትን ቦታ ይጠቁማል። በ1988 ስቲቨን ፒተርሰን፣ ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቻቸው ሰዎች ቃል ሲያነቡና ቃል ሲሰሙ የተነሣውን ምስል አወጡ። ብልሃቱ መቀነስ ነበር፦ ሰውየው ቃል ሲያይ ከተነሣው ምስል ቃል የሌለበት ሰሌዳ ሲያይ የተነሣውን መቀነስ። የቀረው «የቃል» ነው ተባለ። እንግዲህ ባለቀለሙ ምስል ከመጀመሪያም ፎቶግራፍ አልነበረም፤ የመቀነስ ሒሳብ ውጤት ነው።

በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሚኮ ሳምስና ጓደኞቹ የአንጎልን ኢምንት የማግኔት ኃይል በሚለካ መሣሪያ የማክገርክን ተንኰል ፈተሹ። ድምፁ ያው አንድ ሆኖ ሳለ ከንፈሩ ሲለወጥ፣ ከጆሮ ርስት የሚወጣው ምልክት በሰከንድ አንድ አምስተኛ ግድም ውስጥ ተለወጠ። ሰውየው አስቦ እስኪገምት የሚጠብቅ ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ የኤም አር አይ ዘመን መጣ። ሥሩ ሩቅ ነው፦ በ1936 ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል ኦክሲጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ያልተሸከመው በማግኔት ፊት የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው አሳይተው ነበር። በ1990 ሴይጂ ኦጋዋ በቤል ላቦራቶሪ በአይጦች አንጎል ይህንኑ ልዩነት በምስል አየው። በ1992 በቦስተን፣ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ያሉ ቡድኖች በሰው ላይ አሳዩት። መርፌም ጨረርም ሳያስፈልግ የገዛ ደማችን ቀለም ሆነ።

በ1997 ጄማ ካልቨርትና ባልደረቦቿ የሚሰሙ ሰዎችን ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው ድምፅ የሌለው፣ ከንፈሩ ብቻ ቁጥር የሚቆጥር ፊት አሳዩአቸው። ምን አለፋችሁ፣ አንዳች ንግግር ሳይሰማ የጆሮ ርስት ተነሣ! ትርጉም የሌለው የንግግር ቅጂም አስነሣው፤ ንግግር ያልሆነ የፊት መጨማደድ ግን አላስነሣውም። በ2000 ደግሞ ፊትና ድምፅ ሲስማሙ ከግራ ጆሮ በላይ በአንጎል ጎን ባለው ረጅም ስንጥቅ የተነሣው ምልክት ከሁለቱ ድምር በለጠ፤ ሳይስማሙ ሲቀር ከድምሩ አነሰ። የድመቷ ሒሳብ በሰው አንጎል ታየች ተባለ፤ ብዙዎችም ተደሰቱ።

፭. ተጠየቅ!

በአገራችን የጥንቱ ሙግት «ተጠየቅ» የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ባለ ነገሩም ምስክሩም ሳይጠየቅ አይታመንም። የአንጎል ምስልም ከዚህ አላመለጠም።

አንደኛ፣ ምስክሩ ራሱ ጩኸታም ነው። ኤም አር አይ ማሽን ሲሠራ እንደ ፋብሪካ ያንኳኳል። ድምፅን ለማጥናት ሰውን ጩኸት ውስጥ ማስተኛት ምን የሚሉት ነው? መፍትሔው የተገኘው ከደሙ ዝግመት ነው። የነርቭ ሥራ በሺኛ ሰከንድ ይፈጸማል፤ ደሙ ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከአምስት ስድስት ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ በ1999 ዴቦራ ሆልና ባልደረቦቿ ማሽኑን ዝም አሰኝተው ድምፁን አሰሙ፤ ደሙ ሊመጣ ሲል ማሽኑን ቀሰቀሱት። መዘግየቱ ችግር መስሎ የነበረው በረከት ሆነ።

ሁለተኛ፣ ምስሉ ጎላ ጎላ ባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ አንዱ ነጥብ ብዙ መቶ ሺህ የነርቭ ሕዋሳት ይይዛል። ግማሾቹ ዓይን ብቻ፣ ግማሾቹ ጆሮ ብቻ የሚያገለግሉ ቢሆኑ ነጥቡ ለሁለቱም ይመልሳል፤ ከሕዋሳቱ ግን አንድም ሁለቱን አላገናኘም። አንድ ሰፈር ውስጥ መኖር መጋባት አይደለም። በዚያም ላይ «ከድምሩ ካልበለጠ አልተገናኘም» የሚለው የድመቷ ሚዛን ለአንድ ሕዋስ የተሠራ ስለሆነ ለሕዋሳት መንጋ እንደማይሆን ማይክል ቦሻምፕና ሌሎችም አስረዱ። በ2004 የቦሻምፕ ቡድን ምስሉን አጥርቶ ያንን ስንጥቅ ሲመለከት የተገኘው እንደ ጥልፍ ነው፦ እዚህ የጆሮ ቁራጭ፣ እዚያ የዓይን ቁራጭ፣ በመካከላቸው ለሁለቱም የሚመልስ ቁራጭ። ሰፈሩም ነበረ፤ ጋብቻውም ነበረ።

ሦስተኛው ጥያቄ ያስቃል። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ጓደኞቹ አንድ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ሥዕል «አሳዩት»። ሒሳቡ ሳይጠነቀቁ ሲሠራ የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «ሥራ» ታየ! እንዴ፣ ዓሣው ተነሣ? አልተነሣም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ሲፈተኑ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ብቻ ያልፋሉ። ትክክለኛው እርማት ሲደረግ ዓሣው ወደ ሞቱ ተመለሰ። ትምህርቱ ለእኛም ለተማሪዎች ነው፤ ቀለም ያማረበት ሥዕል ሁሉ ሒሳቡ ካልተጠየቀ የሞተ ዓሣ ሊያናግር ይችላል።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ምስሉ የሚያሳየው ቦታው በጊዜው ሥራ ላይ እንደ ነበረ ነው፤ ያለ እሱ ነገሩ አይሆንም ማለቱ ግን ሌላ ነው። ሠርግ ቤት የተገኘ ሁሉ ሙሽራ አይደለም። በ2010 የቦሻምፕ ቡድን ስንጥቁ ያለበትን ቦታ በምስል ለይቶ፣ ከራስ ቅል ውጭ በሚነካ የማግኔት ምት ለቅጽበት አወከው። ምቱ ድምፁ በሚመጣበት ቅጽበት ሲያርፍ «ዳ» የሚሉት ቀነሱ፤ ተንኰሉ ላላ። ጊዜው ሲያልፍ ወይም ቦታው ሲለወጥ ግን ምቱ አልሠራም። ምስክሩ ብቻውን ሊለው ያልቻለውን ሙከራው አረጋገጠለት።

የማክገርክ ቁጥርም አልተማረም። በኋላ በብዙ ሰዎች ላይ ሲሞከር ሰው ከሰው እጅግ ይለያያል፤ ሁልጊዜ የሚታለል አለ፣ ከቶ የማይታለልም አለ።

፮. ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?

«ይህ የሀብታም አገር ማሽን ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። ማሽኑ የሀብታም ይሁን፤ ጥያቄው ግን የሁላችን ነው። በ1996 ኖሪሂሮ ሳዳቶና ባልደረቦቹ ዓይነ ስውራን ብሬል በጣታቸው ሲያነቡ የዓይን ርስታቸው እንደሚሠራ በምስል አሳዩ። በ2001 ደግሞ ኢቫ ፊኒና ባልደረቦቿ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ የጆሮ ርስታቸው እንደሚነሣ አሳዩ። ርስቱ ጦም አያድርም፤ ባለቤቱ ሲቀር ጎረቤቱ ያርሰዋል። «ዓይኑ ጠፋ፣ ጆሮው ደነቆረ፤ ከእንግዲህ ምን ይማራል?» ለሚል ሰው ይህ መልስ ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አፍን በጭምብል ሲያሸፍን ጆሯቸው ደከም ያለ ብዙ ሰዎች ንግግር ጠፋባቸው። ሲሰሙ የኖሩት በከፊል በዓይናቸው ኖሯል! ከንፈር ብቻውን ግን እንደማይበቃም እንወቅ። «በላ» እና «መላ» በከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ በመስተዋት ፊት ሞክሩት። ስለዚህ መስማት ለተሳነው ተማሪ «ከንፈሬን አንብብ» ማለት ግማሽ መንገድ ነው፤ የምልክት ቋንቋ፣ የሰሌዳ ጽሑፍ፣ የሚታደል ወረቀት ያሻዋል። ከትልቅ አዳራሽ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚናገር መምህር የሚያዳምጥም ተማሪ ግማሽ ንግግር ነው የሚደርሰው። ስንፍናው ሁሉ የተማሪው ነው ከማለት በፊት መምህሩ ፊቱን ወደ እኛ ቢያዞር ምን ይለዋል?

በመጨረሻ የሙለር ካርታ ፈረሰ ወይ? ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም። በ2015 ቲም ሮሄና ኡታ ኖፔኒ እንዳሳዩት፣ የዓይንና የጆሮ የመጀመሪያ ርስቶች በአብዛኛው የየራሳቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ወደ ላይ ከፍ ሲል ይቀላቅላሉ፤ ከዚያም በላይ «ይህ ድምፅ የዚህ ፊት ነው ወይስ የሌላ?» እያለ መዝኖ የሚያቀራርብም የሚለይም ክፍል አለ። አሪስቶትል የፈለገው ዳኛ ይመስላል፤ ዳኛው ግን አንድ ወንበር ላይ አልተገኘም፤ ከችሎት ወደ ችሎት ይግባኝ የሚባልበት ሥርዓት ሆኖ ነው የተገኘው።

«ዳ ሰማሁ» ያለው ሰውዬስ? አልዋሸም። በእርግጥ ሰምቷል፤ የጆሮው ርስት ራሱ መስክሮለታል። እኛም ምስክሩን እናከብረዋለን፤ ጥያቄያችንን ግን አንተውም።